እጅ ሰጠሁ

የዘጌ ሰው ጭኜ ገና ሳይነጋጋ፣
የሞተሩን ገመድ ልስብ ስዘረጋ፣
ቀኜ ዝም አለኝ።
አዘዝኩት፣ እምቢ አለ፤ ለመንኩት፣ አልሰማ፤
ተንጠልጥሎ ቀረ እንደ ራሰ ሸማ።
ለትልቅ ለትንሹ እጅ ነሺ ነበርኩኝ፤
እኔው በተራዬ እጅ ተነሣሁኝ።

ሐኪሙ ፊልሙን በመብራት አሳየኝ፣
«የረጋ ደም ነው» አለ፤ ለእኔ እምቦጭ ታየኝ፦
ዓምና በፎገራ ዳር፣ በደረት ውሃ ቆሜ፣
አበል ሳልጠይቅበት፣ በጀልባዬ፣ በአቅሜ፣
በዚሁ ቀኝ እጄ ሲነቀል የዋለ፤
ከሐይቁ ብነቅለው ከራሴ በቀለ።

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከሺምብጥ በባጃጅ፣
ቀኜን በግራዬ ታቅፌ እንደ ልጅ፣
ሆስፒታል ስመላለስ፣ ይታይሽ መጣች፣
አራት ገጽ ወረቀት ቁጭ ብላ አነበበች፦
«ጥናት ነው፤ በፈቃድዎ ነው፤ ሲሰለችዎ ይተዉት፤
ለምን አንልዎትም። ደግሞ ይህን ይወቁት፦
ላይጠቅምዎ ይችላል።»

ይቺን ቃል ወደድኳት።
ሻጭም፣ ደላላም፣ ሥር ማሹም ሁሉ፣
«ይጠቅምሃል» ነው እስከ ዛሬ ቃሉ።
«ታዲያ ማንን ሊጠቅም?» አልኳት።
«ገና ያልታመመውን።»

ገና ያልታመመው! አሁን የት ይሆን እሱ?
ከዓባይ ማዶ ይሆን በብስክሌት መመለሱ?
ወይስ ሴት ናት፣ ገበያ መሐል የቆመች፣
በደህና ጣቶቿ ሎሚ የምትመርጥ፣ እያሸተተች?
አላውቃቸውም።
ጦረኛ እጁን ሲሰጥ ተማረከ ይሉታል፤
የኔን ግን ማን ማረከው? ለማላውቀው ሰው ሄዷል።
የግራ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ
እጅ ሰጠሁ።

ስሜን አነሡና ቁጥር ሰጡኝ፣ ሃያ ሦስት።
እናቴ ያወጣችልኝ «እንየው» ከመዝገቡ ቀረ።
ግን ጥናት ሌላ ምንድን ነው፣
እንየው ካልሆነ?

ዕጣ ወጣ፣ በታሸገ ፖስታ።
ለልብስ ሰፊዋ ለባንቻየሁ አንድ ደረሳት፦
ደህና እጇን በጓንት ከተው አሰሩባት፣
ሰነፉ እንዲሠራ።
ለእኔ ሁለት ወጣ። የተለመደው ነው፤
ኳስ መጭመቅ፣ ግድግዳ መግፋት፣ ትከሻ መታሸት።
እቁብ ቢሆን፣ ያልደረሰው ነገ ይደርሰዋል፤
እዚህ አይደርሰውም፤ ግን እሱም ይጻፋል።

ቀናሁ። ምን እዋሻለሁ፣ ቀናሁ።
ሚስቴ አልጋነሽ ስትተኛ፣ ደህናውን ግራዬን
ከወገቤ አሰርኩት፣ ፈትቼ የጀልባዬን
ገመድ።
ማንኪያ አነሣሁ፣ ወደቀ። አነሣሁ፣ ወደቀ።
አሥራ አንድ ሌሊት ሽሮ ጢሜ ላይ ደረቀ።
በአሥራ ሁለተኛው ጣቶቼ ማንኪያዋን ጨበጡ፤
አንዴ ብቻ።
ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ እንቅልፍ አጣሁበት፦
ገመድ ያነቃው እጅ ኳስ ሊመሰገንበት፤
ያ ገና ያልታመመው፣ በእኔ ድብቅ ሌሊት፣
ዕድሜውን ሙሉ ኳስ ሊጨምቅበት።

ማክሰኞ ተናገርኩ፣ እንደ ንስሐ፣ ወለሉን እያየሁ።
አልተቆጣችም። ቀኑን ጻፈች፤
የገመዱን ውፍረት ሳይቀር ጠየቀች።
«እንግዲህ ልውጣ?» አልኩ።
«አይውጡ። ይህም ይታያል» አለች ይታይሽ።

ትናንት መለኪያው ነበር፦
ዘጠኝ ቀዳዳ፣ ዘጠኝ እንጨት፣ አንድ የሚቆጥር ሰዓት።
አራቱን ሰካሁ። አምስተኛዋ አመለጠችኝ፤
ተንከባላ አልጋ ሥር ገባች።
ይታይሽ ተንበረከከች፣ እኔም ተንበረከክሁ፤
አቧራ ውስጥ ስንዳስስ፣ ሳላዘው፣ ቀኜ ቀደመኝ።
ነካት።
አልያዛትም።
ለመንካት የተተወ ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።
ከጠረጴዛው በላይ ሰዓቱ ይቆጥራል፤
ያቆመው የለም።